ባለቤቱ ያልታወቀ ዘፈን በቡድን እንዴት ይፈለጋል?

እቤታችሁ ሽፋኑ የጠፋ ካሴት ካለ፣ ውስጡ ማን እንደዘፈነው የማይታወቅ አንድ ዘፈን አይጠፋም። ሻዛም አዳምጦ አዳምጦ «አላገኘሁም» ይላል። አጎታችሁ «ይሄማ የጥንት ነው» ብለው ይተክዛሉ። ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ሰው የልብ ምልክት አድርጎ ያልፋል፤ አንዱ ደግሞ ሳያዳምጥ «ጥላሁን ነው» ብሎ ይጽፋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፍለጋ አንድ ሰው ብቻውን አይዘልቀውም። በቡድን ግን ይቻላል። እንዴት እንደሚቻል በደንብ ያሳየው ደግሞ በሰሜን ጀርመን የተቀዳ አንድ ዘፈን ነው። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ ታዳጊ ኤን ዲ አር ከሚባለው ሬዲዮ የሚወዳቸውን ዘፈኖች በካሴት ይቀዳ ነበር። የአቅራቢው ወሬ እንዳይገባበት እየቆረጠ ስለሚቀዳ የዘፈኑም ስም አብሮ ተቆረጠ። እህቱ በ2007 ቅንጫቢውን ኢንተርኔት ላይ አውጥታ ጠየቀች። ለዓመታት ጠብ የሚል ነገር አልተገኘም። በ2019 አንድ ብራዚላዊ ታዳጊ ጥያቄውን በየቦታው ሲያዛምተው፣ ሬዲት በሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ሺዎች ተሰባስበው ሥራዬ ብለው ያዙት። መልሱ ይፋ የሆነው በኖቬምበር 2024 ነው፦ ፌክስ የተባለ የኪል ከተማ ባንድ፣ ርዕሱም «ሰብዌይስ ኦቭ ዩር ማይንድ»።

እነዚያ ሺዎች በነዚያ ዓመታት ምን ሲሠሩ ነበር? አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳቱ በሮችን ሲዘጉ። የአንድ ተወዳጅ የወጣቶች የሙዚቃ ፕሮግራም የ1984 የዘፈን ዝርዝር ተገኝቶ አንድ በአንድ ሲታይ ዘፈኑ የለበትም፤ ያ በር ተዘጋ። በስሚ የተገመቱት ርዕሶች፣ «ላይክ ዘ ዊንድ» እና የመሳሰሉት፣ የትም አላደረሱም። በመጨረሻ አንድ ፈላጊ በዚያው ዘመን በአካባቢው መድረክ ላይ የወጡ ባንዶችን ሲያጣራ በድሮ ጋዜጣ ላይ የፌክስን ስም አገኘ፤ አባላቱን ጠየቀ፤ እነሱም ቅጂው አላቸው። ጋዜጣው ውስጥ ዘፈኑ አልነበረም። የነበረው የባንድ ስም ብቻ ነው። የቀሩት በሮች ባይዘጉ ኖሮ ግን ማንም ወደዚያ ጋዜጣ ባልሄደ ነበር።

መጀመሪያ ካሴቱን አድኑ

ካገኛችሁት ደቂቃ ጀምሮ ደጋግማችሁ አታጫውቱት። አርባ ዓመት የተቀመጠ ክር በማንኛውም ሰዓት ሊበጠስ ወይም በቴፑ ሊበላ ይችላል። የቴፑን ሄድ በጥጥና በስፒሪት ጥረጉ፤ ክሩ ከላላ በእጅ ወይም በእርሳስ አጥብቁት፤ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅዱት። ሁለቱንም ገጽ። የምትፈልጉት ዘፈን ሦስት ደቂቃ ቢሆንም ሙሉውን ቅዱ፤ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተን እናያለን። ለመቅጃ ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ስታስቀምጡት በዌቭ ይሁን፤ ኤምፒ3 ረቂቅ የሆኑትን ድምፆች ይቆርጣል፣ ፍንጩም ብዙ ጊዜ እነሱ ውስጥ ነው።

ቴሌግራም ላይ ስትልኩ በ«ፋይል» ላኩ እንጂ በድምፅ መልእክት አይሁን። ፎቶም እንደዚሁ። ዝም ብሎ የተላከ ፎቶ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፣ የተነሳበት ቀንና ካሜራም ይጠፋል። የፋይሉን ስም አትቀይሩ። «ባክሩምስ» የሚባለውን ቢጫ ባዶ ክፍል አይታችሁት ይሆናል፤ ኢንተርኔት ላይ ለዓመታት ሲያስፈራ የኖረ ፎቶ ነው። በ2024 ምንጩ ሲገኝ ጉዳዩ በጣም ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ዊስኮንሲን ውስጥ ኦሽኮሽ በምትባል ከተማ፣ እድሳት ላይ የነበረ የመጫወቻ ዕቃ ሱቅ፣ ጁን 2002። ያንን ያስገኘው የድሮ ድረ ገጾችን የሚያስቀምጠው ማከማቻ ነው፤ ፎቶው እዚያ ከካሜራው እንደወጣ፣ ዲኤስሲ00161 በሚል ስሙ፣ ቁጭ ብሎ ነበር። አንድ ሰው አሳምሮ «የሚያስፈራ ክፍል» ብሎ የሰየመው ቅጂ ለፈላጊ አንዳች አይጠቅምም።

የካሴቱን ፕላስቲክ፣ ብሎኑን፣ ገጹ ላይ የተጻፈውን የእስክሪብቶ ጽሑፍ፣ ማህተም ካለ ማህተሙን በጠራ ብርሃን ፎቶ አንሱ። የሙዚቃ ቤት ማህተም ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ኮፒ ያደረገውን ቤት ይሁን ያሳተመውን እንደሚያሳይ ወዲያው አትወስኑ።

ክሩ ራሱ የሚናገረው

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ። ከማይታወቀው ዘፈን በፊትና በኋላ ያሉትን ዘፈኖች ለዩና የወጡበትን ዓመት ጻፉ። ካሴቱ ላይ የመጨረሻው አዲስ ዘፈን የትኛው ነው? ካሴቱ በላዩ ላይ ሌላ ካልተቀዳበት፣ ቅጂው ከዚያ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም። የጀርመኑ ዘፈን 1984 አካባቢ ነው የተባለው በአንድ በኩል በዚህ መንገድ ነው። ሌላው ደግሞ መሣሪያው ነበር፤ ብዙዎች ያማሃ ዲኤክስ7 የሚባለውን ኪቦርድ ድምፅ ሰሙበት፣ ያ ኪቦርድ ደግሞ የወጣው በ1983 ነው። ለኛም ዘፈን ይሠራል። ድራም ማሽን የገባበትን ሥራ «የንጉሡ ዘመን ነው» የሚል ሰው ካለ፣ በትሕትና ይታለፍ።

ቀጥሎ የምወደው ፍንጭ። በብዙ የድሮ ቅጂዎች ስር አንድ እምምም የሚል ዝቅተኛ ድምፅ አለ፤ ከመብራት የሚመጣ ነው። ኢትዮጵያና አውሮፓ ውስጥ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ 60። ኦዳሲቲ ላይ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ዝምታ ምረጡና የድምፁን ስፔክትረም ክፈቱ። ጉብታው 60 ላይ ከቆመ፣ ወይም እጥፉ 120 ላይ ከታየ፣ ካሴቱ አዲስ አበባ ሳይሆን ዋሽንግተን ወይም ሎስ አንጀለስ ተቀድቶ ሊሆን ይችላል፤ ፍለጋው የሚሄድበት ሰው በሙሉ ይቀየራል። 53 ላይ ከቆመስ? ያኔ ክሩ በስድስት በመቶ ያህል ፈጥኖ እየዞረ ነው ማለት ነው፣ ዘፈኑም ከእውነተኛው በግማሽ ቃና ከፍ ብሏል። ሻዛም ዝም ያለውም ምናልባት በዚህ ሊሆን ይችላል። ፍጥነቱን አስተካክላችሁ እንደገና አሰሙት።

ጥንቃቄ ግን አለ። በትክክል 50 ላይ የቆመ ጉብታ የራሳችሁ ቴፕ የጨመረው ሊሆን ይችላል፤ ካሴቱን አውጥታችሁ ባዶውን ቅዱና አወዳድሩ። ካሴቱ የኮፒ ኮፒ ከሆነ ሁለት ሦስት ጉብታ ጎን ለጎን ሊገኝ ይችላል፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ መገልበጡን ይናገራል። የጀርመኑን ዘፈን የፈለጉትም ቅጂው በእርግጥ ከኤን ዲ አር መሆኑን ያጠናከሩት በስፔክትረሙ ላይ 10 ኪሎኸርዝ አካባቢ በሚታይ ቀጭን መስመር ነው፤ ከዚያው ጣቢያ የተቀዱ ሌሎች ካሴቶችም ላይ ይታይ ነበር።

«ሰባ ሰባት» የቱ ነው?

የኛን ፍለጋ ከምንም በላይ የሚያወሳስበው የዘመን አቆጣጠር ነው። ኃይሉ መርጊያን ውሰዱ። ከዋልያስ ባንድ ጋር የሠሩት «ቼ በለው» የወጣው በ1977 ነው። አሜሪካ ከቀሩ በኋላ በአኮርዲዮን፣ በሙግና በሮድስ ኪቦርድ ብቻቸውን የሠሩት «ሸሞንሟናዬ» ደግሞ በ1985፤ ያ በኛ 1977 ዓ.ም. ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «ኃይሉ በሰባ ሰባት ያወጣው» ቢላችሁ የትኛውን ማለቱ ነው? በመሃላቸው ስምንት ዓመት፣ ሁለት አገርና ሁለት ዓይነት ሙዚቃ አለ። ስለዚህ በቡድኑ መዝገብ ላይ ዓመት ሲጻፍ ሁልጊዜ ሁለቱም ይጻፍ፣ የነገራችሁ ሰው የተጠቀመበት አቆጣጠርም ከጎኑ ይመዝገብ። አዲስ አበባ ያደጉት በዓ.ም. ያስባሉ፤ ቨርጂኒያ ሠላሳ ዓመት የኖሩት ደግሞ እያቀላቀሉ ነው የሚናገሩት፣ ራሳቸውም አያስተውሉትም።

የኃይሉ ታሪክ ለሌላም ነገር ይጠቅማል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ፣ የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ፣ «ሸሞንሟናዬ»ን ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። ሽፋኑ ላይ ስም አለ። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈለገ፣ ሰውየውን ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዱ አገኛቸው፤ አልበሙ በ2013 እንደገና ታትሞ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ። በስም ሲፈለግ ይህን ያህል ቀላል ነው። እናንተ እጅ ያለው ያ ሽፋን የተገነጠለበት ካሴት ነው።

ግሩፑን ማቋቋም

አምስት ሰው ይበቃል፤ አምስት ሺህ ከመጣም ጥሩ። ቁም ነገሩ መዝገቡ ነው። ግሩፕ ውስጥ የሚወራ ወሬ በሦስት ቀን ተገፍቶ ይጠፋል፤ አዲስ የገባው ሰው በሳምንቱ ያንኑ ግምት ይዞ ይመጣል፣ እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል። ብዙ ፍለጋ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ለሁሉም የሚታይ አንድ ሰንጠረዥ በጉግል ሺት ክፈቱና ግሩፑ ላይ ፒን አድርጉት። ዓምዶቹ አምስት ይሁኑ፦ ግምቱ ምንድን ነው፣ ማን አመጣው፣ ማን አጣራው፣ በምን አጣራው፣ ውጤቱ። «በምን» የሚለውን ማንም እንዳይዘልለው። «አይደለም፣ ሰምቼዋለሁ» ማጣራት አይባልም። «የዘፋኙን የ1971 ዓ.ም. ካሴት ሁለቱንም ገጽ አዳምጫለሁ፣ የለበትም» ይባላል።

ሥራ ሲከፋፈል ሰው የሚያውቀውን ይያዝ። ሙዚቃ የተማረ ቅኝቱን ይለይ፤ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ መሆኑ ብቻውን አይፈታውም፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው የሚለይ ጆሮ ግን አልፎ አልፎ ይገኛል፤ እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት። ሌላው ግጥሙን ይጻፍ። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ሦስት ሰው ለየብቻ፣ ሳይተያዩ ይጻፉት። አንዴ «እንዲህ ነው የሚለው» የተባለ ስንኝ ጆሮ ውስጥ ከገባ ሌላ መስማት አይቻልም። የጀርመኑን ዘፈን የፈለገው ቡድን በስሚ በተገመቱ ርዕሶች ስንት ዓመት እንደተንከራተተ አይተናል።

መፈለጊያው ላይ ስም ስትጽፉ ፊደሉን ሁሉ አዳርሱ፦ ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ። ዓለሙና አለሙ፣ ሠርፀና ሰርጸ እንዲሁ። በላቲን ፊደል ደግሞ ግማሹ በእንግሊዝኛ ልማድ፣ ግማሹ በፈረንሳይኛ ይጻፋል፤ «ቼ በለው» በላቲን ሲጻፍ በቲ ነው የሚጀምረው። አንዱ ሰው ይህን ብቻ ይሥራ፣ የሞከራቸውንም አጻጻፎች ይመዝግብ።

ታላላቆችን መጠየቅ

ኢንተርኔት ላይ የሌለው ነገር ሰው ዘንድ አለ። በየክፍለ ጦሩና በየሆቴሉ ባንድ የተጫወቱ፣ በሙዚቃ ቤት ካሴት ሲገለብጡ የኖሩ፣ ሬዲዮ ጣቢያ የሠሩ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይደውል። ከቡድኑ አንድ ሰው፣ በተለይ አማርኛው የተገራ፣ ይመረጥና እሱ ብቻ ያነጋግር። አንድ አዛውንት ሙዚቀኛ በአንድ ሳምንት ከማያውቋቸው አሥር ልጆች ስልክ ቢመጣባቸው አሥራ አንደኛውን አያነሱም፤ እውነታቸውን ነው።

መጀመሪያ በሚያውቃቸው ሰው በኩል አስፈቅዱ። ከዚያ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ደውሉ፣ ጤና ጠይቁ፣ ማን እንደሆናችሁ ንገሩ። እንዲህ ዓይነት ንግግር ይበቃል፦ «ጋሼ፣ እገሌ ነኝ፤ ቁጥርዎን እገሌ ሰጥቶኝ ነው። የድሮ ካሴት ላይ ያሉ ዘፈኖችን እያጣራን ነበር፤ ጊዜ ሲኖርዎ የተወሰኑ ላሰማዎት?» ያላችሁበትን ግምት አትንገሯቸው። «ይሄ የርስዎ ባንድ አይደል?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አፋቸው ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ሰው እንግዳ ላለማሳፈር ሲል ብቻ «ይመስለኛል» ይላል። ይልቅ አራት ዘፈን አዘጋጁ፦ ሦስቱ የሚታወቁ፣ አንዱ የምትፈልጉት፣ ተቀላቅለው። ሦስቱን በትክክል የለዩ ሰው ስለ አራተኛው የሚሉት ይመዝናል። ሦስቱንም ከሳቱ አመስግኑና ስለ ዘመኑ ያጫውቷችሁ፤ ወሬው ውስጥ የባንድ ስም፣ የክበብ ስም ይወድቃል፣ እሱን መዝግቡ። ድምፅ መቅዳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ።

ወረቀቱ ያለበት ቤት

እዚህ ላይ አብዛኛው ቡድን ይሰንፋል፤ ምክንያቱም ከወንበር መነሳት አለ። ፌክስን ያስገኘው ጋዜጣ መሆኑን አትርሱ። ዓመቱንና ከተማውን ካጠበባችሁ ወደ ወመዘክር ሂዱ፣ ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት። መታወቂያ ያዙ፤ ተማሪ ያልሆነ ሰው የሚፈለግበትን የድጋፍ ደብዳቤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የምትጠይቁት «የድሮ ዘፈን» አይሁን፤ «የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 1970 ዓ.ም.» በሉ። የምታነቡት የበዓል ዝግጅት ዜናውን፣ የመድረክ ማስታወቂያውን፣ የውድድር ውጤቱን ነው። ዘፈኑን አትፈልጉ፣ አታገኙትም። በዚያ ዓመት በዚያ ከተማ የተጫወቱትን ባንዶች ስም ሁሉ ልቀሙ። ዝርዝሩ ወደ ሰንጠረዡ ይገባል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይዘጋል። አሰልቺ ነው፤ ሌላ መንገድ ግን የለውም።

ውጭ አገር ያሉት አባላት እዚያው ያግዙ። የ60 ኸርዙ ካሴት የዋሽንግተን ከሆነ፣ በየምግብ ቤቱና በየአዳራሹ ይለጠፉ የነበሩ የአዲስ ዓመት ኮንሰርት ፖስተሮች በየሰዉ ምድር ቤት ተቀምጠዋል። ጠይቁ።

«አገኘነው!» ከማለታችሁ በፊት

እውነተኛ መልስ በሁለት መንገድ ይመጣል፤ ሁለቱም የማይተዋወቁ መሆን አለባቸው። «እኔ ነኝ የዘፈንኩት» የሚል ሰው አንድ ማስረጃ ነው። ሌላ ቅጂ፣ ከሌላ ሰው እጅ፣ ሁለተኛ ነው። መጋረጃ ጨርቅ ላይ የታተመች የአንዲት ሴት ፊት ከ2020 ጀምሮ ሬዲት ላይ ስትፈለግ ነበር፤ ጨርቁ ላይ ያሉት ሌሎቹ ታዋቂ ሰዎች ሲለዩ እሷ ብቻ ቀርታ «ዝነኛ ቁጥር ስድስት» ተባለች። በሴፕቴምበር 2024 ሌቲሺያ ሳርዳ የተባለች ስፔናዊት ሞዴል ሆና ተገኘች። ፎቶው ሲለጠፍ ግን ከፊሉ ሰው «በኤአይ የተሠራ ነው» ብሎ ተነሳ። ጭቅጭቁ የቆመው የፎቶ አንሺውና የሞዴሏ ማረጋገጫ ሲመጣ ነው። ተጠራጣሪዎቹን አልወቅሳቸውም። ዛሬ የድሮ የሚመስል ዘፈን በደቂቃ ስለሚሠራ፣ ከየት እንደመጣ የማይነገርለትን «ሙሉ ቅጂ» ዋናውን ካሴት በፎቶ እስክታዩ ድረስ አትቀበሉ።

አንድ የማይጣስ ደንብ ደግሞ አለ። ቡድኑ የሚፈልገው ዘፈን፣ ቦታ፣ ዕቃ ይሁን፤ ወንጀለኛ ወይም የጠፋ ሰው አይሁን። በ2013 ቦስተን ማራቶን ላይ ቦንብ ሲፈነዳ ሬዲት ላይ የተሰበሰቡ ፈላጊዎች ፎቶ እያገላበጡ ንጹሐን ሰዎችን ጠረጠሩ፤ ከነሱ አንዱ ቀደም ብሎ ከቤቱ የጠፋ ተማሪ ነበር፣ በኋላ ሞቶ ተገኘ፣ ከጥቃቱ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ልጃቸውን በሚፈልጉበት በዚያ ሳምንት ቤተሰቡ ላይ የወረደውን ስድብ አስቡት። ሬዲት ይቅርታ ጠየቀ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ወደ ግሩፑ ከመጣ አድሚኑ ያንሳው፣ መረጃ ያለው ለፖሊስ ይስጥ። ዘፈን ፍለጋም ቢሆን በሕይወት ያለ ሰው ስም፣ ስልክና ሰፈር በይፋ ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፤ በሰንጠረዡ ላይ «ምስክር 4» ይባል፣ ስሙ ያነጋገረው ሰው ዘንድ ይቀመጥ።

ከተገኘ በኋላ

መጀመሪያ የሚያውቀው ባለቤቱ ይሁን፣ ከዩቲዩብ በፊት። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም.፣ የደራሲው የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑ ሙሉና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ የድምፅ ቅጂውም የራሱ 50 ዓመት አለው። ስለዚህ የ1970ዎቹ ዓ.ም. ካሴት «የድሮ ነው» ተብሎ የማንም አይሆንም። ባለቤቱን አግኝታችኋቸው «አይውጣ» ካሉ አይወጣም። አንዳንዱ ዘፋኝ መንፈሳዊ ሕይወት ገብቶ የድሮውን መስማት አይፈልግም፤ ያ የራሱ ጉዳይ ነው። ከፈቀዱ ስማቸው፣ የግጥምና ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውና ተጫዋቾቹ ተሟልተው ይጻፉ። ካላረፉ ራሳቸው ይናገሩ፤ ካረፉ ወራሾቹን ጠይቁ።

ከዚያ ሰንጠረዡን ዝጉት፣ ግን አትሰርዙት። የተዘጉት በሮች ዝርዝር፣ የተለቀሙት የባንድ ስሞች፣ የጋዜጦቹ ቀኖች ለሚቀጥለው ካሴት ይፈለጋሉ፤ ኮፒውን የቡድኑ ሦስት አባላት በየራሳቸው ኮምፒውተር ያስቀምጡት።